አያቴ ኮላ አልሰበረችም

ኦዲናካ ያንን ግጥም የጻፈችው ለማሸነፍ ነው። ይህን ከራሷ ደብቃው አታውቅም፤ ለሌላ ሰው ግን አልተናገረችም።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 2006 ነው። ዴንቨር ውስጥ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ አንዲት ካፌ ነበረች፤ እዚያ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የግጥም ግጥሚያ ይካሄዳል። ሕጉ ቀላል ነው። ገጣሚው ሦስት ደቂቃ አለው። ዕቃ ይዞ መውጣት፣ ሙዚቃ ማሰማት ክልክል ነው። መድረክ መሪው ከታዳሚው መካከል አምስት ሰው እንዲሁ በዘፈቀደ ይመርጥና የቁጥር ካርድ ያድላቸዋል፤ እነሱ ከዜሮ እስከ አሥር ይሰጣሉ። ከአምስቱ ትልቁና ትንሹ ቁጥር ተሰርዞ የቀሩት ሦስቱ ይደመራሉ። አንድ ዳኛ በፍቅር ቢታወርም በጥላቻ ቢታወርም ብቻውን አያድን፣ ብቻውን አይገድል ተብሎ ነው።

መጀመሪያ ይዛ የሄደችው የምታውቀውን ነበር። 15 ቁጥር አውቶቡስ ላይ ከዳር እስከ ዳር ተኝቶ ስለሚመላለስ ሰውዬ ጻፈች። ከዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ፣ ራሷ በምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ፣ ልጇን በየቀኑ በሌላ ስም ስለምትጠራ አሮጊት ጻፈች። ስድስትና ሰባት ሰጧት። ሲያበቃ አንድ ጢማም ዳኛ ቀረብ ብሎ፣ "ጥሩ ነው፣ ግን አንቺ ግጥሙ ውስጥ የለሽም። ከየት እንደመጣሽ ማየት እፈልጋለሁ" አላት።

ከሞንትቤሎ ሰፈር ነው የመጣሁት፣ በሁለት አውቶቡስ፣ ልትለው ነበር። ተወችው። ቤቷ ሄዳ በአንድ ቁጭታ ጎጆውን ሠራች፦

አያቴ ከሣር ጎጆዋ ደጃፍ
ኮላውን ሰብራ ባረከችኝ፤
ከወንዙ ማዶ ከበሮው
ስሜን እየደጋገመ ሲጠራኝ…

ዘጠኝ ነጥብ አራት። ዘጠኝ ነጥብ ስድስት። አንዲት ሴትዮ አለቀሰች። ኦዲናካ መድረኩ ላይ ቆማ ሴትዮዋ ስታለቅስ ስታይ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው፤ ከደስታው ኋላ የመጣውን ስም አላወጣችለትም።

እውነተኛዋ አያቷ ናይጄሪያ ውስጥ ኤኑጉ አጠገብ ባለች ከተማ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ነበረች። የምትኖረው በሲሚንቶ ቤት ውስጥ ነው፤ ሰዓቷን ከእጇ አውልቃ አታውቅም፤ ከበሮ ሲመታም መስኮቱን ትዘጋለች። የሞተችው ከሁለት ዓመት በፊት ነው።

ኦዲናካ አሜሪካ የገባችው በአሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ልጆቹ "አንበሳ አሳድጋችሁ ታውቃላችሁ?" ይሏታል። እሁድ ደግሞ የኢግቦ ማኅበር ስብሰባ ላይ ሴቶቹ የተሰባበረ ኢግቦኛዋን ሰምተው "አሜሪካዊቷ መጣች" ይላሉ። ለሁለቱም የምትመልሰው አንድ ዓይነት ፈገግታ ነበር። አሁን ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ፤ ፈገግታው ሰልችቷታል።

ግጥሟ ውስጥ ግን አንድ ስህተት ነበር፤ ካፌው ውስጥ ያለ ማንም ሰው ሊያየው የማይችል። ኮላ አውራ ጣት የሚያህል መራራ ፍሬ ነው። በኢግቦዎች ዘንድ እንግዳ ሲመጣም ሆነ ስብሰባ ሲከፈት ከሁሉ በፊት የሚቀርበው እሱ ነው። ሽማግሌ ያነሳዋል፣ ይመርቅበታል፣ በየመጋጠሚያው ይሰብረዋል፣ ለሁሉም ቁራሽ ይደርሳል። ሴት አትሰብረውም። ይህን ኤኑጉ ያለ የአምስት ዓመት ሕፃን ያውቃል። ኦዲናካ ግን ሲሰበር ያየችው ሁልጊዜ ከኋላ፣ ከሴቶቹ ወንበር ሆና ነው። ከዚያ የሚታየው የወንዶች ጀርባ ነው እንጂ እጅ አይደለም። እጁ የማን እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም።

ከዚያ አንድ በነፃ የሚታደል ሳምንታዊ ጋዜጣ ግጥሙን ከነፎቶዋ አወጣው።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ቺፍ ንዎሱ፣ 'ቺፍ' የክብር ማዕረጉ ነው፣ ሃቫና ጎዳና ላይ ያገለገሉ መኪናዎች ይሸጣል። አንድ ደንበኛ ሊሞክራት የነዳት ቶዮታ ወንበር ላይ ጋዜጣውን ረስቶ ሄደ። እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ስልኩ ጮኸ። የኦዲናካ አባት ሲልቬስተር የኤርፖርት ሻትል ሹፌር ነው፤ ጫማውን እያወለቀ ስለነበር ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገው።

"ሲልቬስተር! እናትህ አራተኛ ክፍል እያለሁ ገርፋኛለች!"

"አውቃለሁ፣ ቺፍ።"

"በሰባት ጊዜ ስምንት! ጠባሳው አለ! ታዲያ ጎጆ ውስጥ ነው የገረፈችኝ? የቱ ጎጆ? ወንዝ ትላለች ልጅህ። እኛ ሰፈር ወንዝ አለ?"

"የለም፣ ቺፍ።"

"ከሁሉ ከሁሉ ደግሞ ኮላ! ሴት ኮላ ሰበረች! በጋዜጣ! ልጅቷ ለሚቀጥለው ስብሰባ ትምጣና ቆማ ይቅርታ ትጠይቅ። ያንን ግጥም ሁለተኛ በአፏ እንዳታነሳው።"

"ልጅቷ እየሰማችዎት ነው" አለች ኦዲናካ ከወጥ ቤት።

"እንግዲያው ሰማሽ።"

"ሰማሁ። ቅዳሜ የፍጻሜው ውድድር ነው። አራት ሰው ለአገር አቀፉ ያልፋል። ግጥሙን አነበዋለሁ።"

"በማን ፈቃድ?"

"የሦስት ደቂቃ ፈቃድ አለኝ፣ ቺፍ።"

አባቷ ስልኩን ዘጋው። ሲቆጣም ሲያባብልም "እናቴ" ነው የሚላት፤ በአገራቸው ልማድ ሴት ልጅ የአባቷ እናት ምትክ ናት።

"እናቴ" አላት፣ "እናቴን ጎጆ ውስጥ አስገባሻት።"

"ግጥም ነው፣ ዳዲ።"

"እሷም ግጥም ታስተምር ነበር።"

"ዘጠኝ ነጥብ ስድስት አግኝቷል።"

"ማን? ጎጆው?"

ጥያቄው አናደዳት። ቺፍ ስለ ጎጆው እውነቱን ነው፤ ስለ ኮላው ግን ማን ሾመው? ሴት እንዳትሰብር ያለው ማን ነው? ዝም ብሏት ቢሆን ኖሮ ግጥሙን አንድ ቀን ራሷ ቀዳዳ ትጥለው ነበር። አሁን ግን ሞታ ነው የምትተወው። ሽማግሌ በስልክ ጮኸባት ብላ ካቆመች፣ የማን ገጣሚ ልትባል ነው?

ማክሰኞ ወደ ሥራ ስትሄድ ከአባቷ ፍሪጅ፣ ከአትክልት መሳቢያው ውስጥ፣ አንድ ኮላ አንስታ ኪሷ ከተተች። ለምን እንደሆነ ቢጠይቋት አታውቅም። ምናልባት ያን ያህል የሚጮኽለትን ነገር በብርሃን ልታየው ፈልጋ ይሆናል።

ምሳ ሰዓት ላይ በሠራተኞች ማረፊያ ክፍል ከፀሐይነሽ ጋር ተቀመጡ። ፀሐይነሽ የደሴ ሴት ናት፤ ሃምሳ ዓመት አልፏታል፤ ግሪን ቫሊ ራንች በሚባል ሰፈር አዲስ ቤት ገዝታ ዕዳውን በሁለት ሺፍት ትከፍላለች። ኦዲናካ እንደ አገሯ ልማድ "አንቲ" ትላታለች። የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ፀሐይነሽ ግን እንግሊዝኛውንም የምትናገረው እንደ አማርኛ ነው።

"ይቺ ናት?" አለች ፍሬዋን በጣቷ ገፋ አድርጋ። "አገር የሚታመሰው ለዚህች?"

"ለዚህች።"

"እና አያትሽ ሰብራዋለች?"

"አልሰበረችም።"

"ታዲያ ለምን ሰበረች አልሽ?"

"ሴት እንደማትሰብር አላውቅም ነበር።"

ፀሐይነሽ የያዘችውን ማንኪያ ጣለችና ሳቀች። "አንቺ ልጅ! የራስሽን አገር ሳታውቂ ነው ለፈረንጅ የምታስተምሪው?"

"ሳውቅማ ጭራሽ ደስ አለኝ! ለምን አትሰብርም? አንድ ትምህርት ቤት ሙሉ ወንድ ቀጥ አድርጋ ይዛ፣ አንዲት ፍሬ…"

"ቆይ፣ ቆይ። ለምን አላልኩሽም። ሰብራለች ወይስ አልሰበረችም ነው ያልኩሽ።"

ኦዲናካ ፍሬዋን በጣቷ አሽከረከረች።

"እኛ አገር ሴት ዶሮ አታርድም" አለች ፀሐይነሽ። "ባሌ ከሌለ፣ ወንድሜ ከሌለ፣ ዶሮዋን በክንፏ ይዤ በር ላይ እገተራለሁ። ላለፈ ላገደመው 'ወንድሜ፣ እባክህ ይቺን እረድልኝ' ነው። ሰካራምም ይሁን፣ ወንድ ይሁን እንጂ። አንድ ቀን ያቆምኩት ሰውዬ ደም የሚፈራ ሆኖ አረፈው! ቢላውን ይዞ ይንቀጠቀጣል። እጁን ይዤ እኔው አረድኩ። እሱ አረደ ተባለ፣ በላን።"

"አንቲ! ታዲያ ያረዱት እርስዎ ነዎት!"

"እኔ ነኛ። ግን እናቴ አረደች ብዬ አውርቼ አላውቅም። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በር ላይ ቆማ ነው የሞተችው። አረደች ካልኩ ያን ሁሉ መቆሟን ማን ያውቅላታል?"

ኦዲናካ ፍሬዋን አየቻት።

"እና ምን ላድርግ?"

"እኔ ምን አውቄልሽ። ብሬኬ አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። ካማረሽ ራስሽ ስበሪው።"

ኦዲናካ የፕላስቲክ ቢላ አነሳች። ቢላው መጋጠሚያው ላይ ገባና ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ፀሐይነሽ አፏን ይዛ ሳቀች። ኦዲናካ በጥፍሯ ፈልቅቃ ለያየችው፤ ሦስት ቦታ ወጣ። ምርቃቱን በኢግቦኛ ጀመረችው፣ ከሁለት ቃል በኋላ ጠፋባት፣ የቀረውን በእንግሊዝኛ ጨረሰችው። ኮላ እንግሊዝኛ አይሰማም ይላሉ ሽማግሌዎቹ። ይሄኛው ከሰማም ካልሰማም ምንም አላለም።

ፀሐይነሽ ቁራሿን አማትባ አኘከች፤ ፊቷ ተጨማደደ። "በስማም! ከጌሾ ይብሳል! ይሄ ምግብ አይደለም፣ ቅጣት ነው። ለዚህ ነው ወንዶቹ የሚጣሉት? ይውሰዱት!"

ሦስተኛዋን ቁራሽ እኩል ተካፍለው በሉ።

ከረቡዕ እስከ ዓርብ ኦዲናካ በልጅነቷ ያየችውን የአያቷን ሳሎን እያስታወሰች የሺፍት ፕሮግራም ወረቀት ጀርባ ላይ ስትጽፍና ስትሰርዝ ቆየች። ቅዳሜ ኪሷ ውስጥ ያንን ወረቀት፣ ጭንቅላቷ ውስጥ ደግሞ ጎጆውን በቃል ይዛ ካፌው ደረሰች። የትኛውን እንደምታነብ አልወሰነችም ነበር።

አባቷ ከኋላ ተቀምጧል። እናቷ ቶርንተን ሆስፒታል ሺፍት ላይ ናት። ከፊት፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ቺፍ ንዎሱ የክብር ቀይ ቆቡን ደፍቶ፣ እጁን ሆዱ ላይ አጣምሮ ተቀምጧል። ሊያያት ነው የመጣው። ግጥሙን ካነበበች ተነስቶ "ውሸት ነው!" ሊል እንደመጣ ከአቀማመጡ ያስታውቃል።

መድረክ መሪው ኮዲ የቁጥር ካርዶቹን ይዞ በወንበሮቹ መካከል እየዞረ ዳኛ ይመርጣል። አራት መረጠ። ለአምስተኛው ዓይኑ ቀዩ ቆብ ላይ አረፈ።

"ጌታዬ! ባለ ቀይ ቆቡ! ግጥሚያ አይተው ያውቃሉ?"

"አላውቅም።"

"በጣም ጥሩ! ከተወዳዳሪዎቹ የሚያውቁት ሰው አለ?"

ቺፍ ኦዲናካን ትክ ብሎ አያት። "የማውቀው የለም" አለ።

ካርዶቹን ተቀበለ። ኦዲናካ እጇን አውጥታ "ያውቀኛል" ማለት ትችል ነበር፤ ኮዲ ካርዱን ወዲያው ይነጥቀው ነበር። አላለችም። ይያዝ፣ አለች በልቧ።

አሥር ገጣሚዎች አሉ፤ እሷ ስምንተኛ ናት። እስከዚያ ድረስ ቺፍን ታየዋለች። ለሁሉም አምስት፣ አምስት ነጥብ አምስት ይሰጣል፤ ፈረንጆቹ ይጮኹበታል፣ እሱ ንቅንቅ አይልም። ሰባተኛው ሲጨርስ ካርዶቹን አገላበጠና ዜሮን መርጦ ጉልበቱ ላይ አዘጋጃት።

ኦዲናካ ያኔ ሳቋ መጣ። ቺፍ ሕጉን አያውቅም። ጎጆውን ብታነብ ዜሮው ትንሹ ቁጥር ሆኖ ይሰረዛል፤ አራቱ ፈረንጆች በዘጠኝ በዘጠኝ ያሳልፏታል። ጩኸቱን ይጩህ፣ ዜሮውን ከፍ ያድርግ፤ እንደሌለ ይቆጠራል። ማሸነፍ እንዲህ ቀላል ሆኖላት አያውቅም።

ቀላልነቱ አስጠላት። ሁሉም ሰው የምታነበውን አስቀድሞ ያውቃል። ጢማሙ ሰውዬ ከበሮውን እየጠበቀ ነው፤ ቺፍ ኮላውን እየጠበቀ ነው። ሁለቱም አያቷን ይዘው ቁጭ ብለዋል፤ አንዱ ጎጆ ውስጥ፣ አንዱ ጓዳ ውስጥ።

"ቀጣይዋ ኦ-ዳይ-ናካ!" አለ ኮዲ።

"ኦዲናካ" አለች ማይኩን ዝቅ እያደረገች። "ሦስት ወር ሆነህ። ተለማመደው።"

ሰዉ ሳቀ። ወረቀቱን ከኪሷ አወጣች።

አያቴ ኮላ አልሰበረችም።
ጎጆ አልነበራትም፤ ወንዝም፣ ከበሮም።
የእጅ ሰዓት ነበራት፤ አለንጋም፣
ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት እንደሆነ የማይረሳ አለንጋ።
ጎጆውን የሠራሁት እኔ ነኝ፣
እናንተ ስለወደዳችሁት።
ዛሬ አፈረስኩት። ሣሩን ውሰዱ።

የገረፈቻቸው ልጆች አደጉ። ሳሎኗ ገቡ።
ወንበሯ ላይ ተቀምጠው ኮላዋን ሰበሩ፤
እሷ ቆማ ሳህኑን አቀበለች።
ቆማ። ይህቺ ቃል እንዳትሰረዝ።
ከልጆቹ አንዱ ዛሬ ካርድ ይዞ ተቀምጧል።
ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው፣ ቺፍ?

የቺፍ ከንፈር ሳያስፈቅደው "ሃምሳ ስድስት" አለ። ድምፅ አልወጣውም፤ ኦዲናካ ግን አየችው።

ማክሰኞ፣ አውሮራ፣ በምሳ ሰዓት፣
በፕላስቲክ ቢላ ኮላ ሰበርኩ።
በአያቴ ስም አይደለም። በራሴ እጅ።
ቢላው ተሰበረ፤ ሰማዩ ቦታው ላይ ነው።
ይቅርታ የምጠይቃት አንዲት ሴት ነበረች፤
እሷም ሞታለች።
የቀራችሁት ቁጥራችሁን አንሱ።

ጭብጨባው ከዚህም ከዚያም የተበታተነ ነበር። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ፤ ቺፍ ማን ነው? ሣሩስ? ጢማሙ ሰውዬ እጁን አጣጥፎ ቀረ። ካርዶቹ ወጡ። ስድስት ነጥብ ስምንት። ሰባት ነጥብ ሁለት። አምስት ነጥብ ዘጠኝ። አንዲት ወጣት ሴት ብቻዋን ስምንት ነጥብ አንድ።

ቺፍ ቀረ። ዜሮው ጉልበቱ ላይ ነች። አነሳት፣ መልሶ አስቀመጣት። መነጽሩን አወለቀ፣ አደረገ። ካርዶቹን አንድ በአንድ ገለጠ።

"ጌታዬ፣ እየጠበቅንዎት ነው" አለ ኮዲ።

"የሰው ሥራ ሲታረም አይቸኮልም" አለ ቺፍ።

ስድስት አወጣ።

ስምንት ነጥብ አንዱ ተሰረዘ፤ አምስት ነጥብ ዘጠኙም ተሰረዘ። የቺፍ ስድስት ግን መሐል ላይ ስለወደቀች ተቆጠረች። ድምሩ ሃያ ሞላ። ለማለፍ ሃያ ሰባት ያስፈልግ ነበር። ኦዲናካ ከአሥሩ ዘጠነኛ ወጣች፤ አሥረኛው በመሐል ግጥሙ የጠፋበት ልጅ ነው።

ከካፌው ጀርባ፣ አባቷ መኪናውን ፓርክ ያደረገበት ቦታ፣ ቺፍ ተከትሏቸው መጣ።

"ስድስት ማለፊያ ነው" አለ። "አያትሽ ከስድስት በላይ ሰጥታኝ አታውቅም።"

"ጎበዝ አልነበሩማ፣ ቺፍ።"

"ኦዲናካ!" አለ አባቷ።

ቺፍ ሊቆጣ አፉን ከፈተና ሌላ ነገር አስቀደመ። "ኮላው… ስንት ቦታ ወጣ?"

"ሦስት።"

"ሦስት!" ቆቡን ከፍ አድርጎ መልሶ ደፋው። "ሦስት የጀግና ኮላ ነው! ማዕረግ ያለው ወንድ እንኳ በወግ ነው የሚበላው! ማን በላው?"

"እኔና አንዲት ኢትዮጵያዊት።"

ቺፍ አባቷን አየው። አባቷ የመኪናውን ቁልፍ አየ።

"እሁድ ስብሰባ አለ" አለ ቺፍ በመጨረሻ። "አንቺን የጠራሽ የለም።"

"እመጣለሁ።"

"ይቅርታ ልትጠይቂ?"

"ኮላ ይዤ። ከፊት ነው የምቀመጠው።"

ቺፍ ወደ መኪናው ሄደ። አባቷ በሩን ከፍቶ ገባ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ ኮልፋክስን ይዞ ወደ ምሥራቅ ነዳ። ሦስት መብራት አለፉ።

"ሳህኑ ነጭ ነበር" አለ። "ጠርዙ የተሸረፈ።"

"አላውቅም ነበር።"

"የማታውቂውን አላልሽም፣ ጥሩ አደረግሽ።" አራተኛው መብራት ያዛቸው። "የማክሰኞውን ከኔ ፍሪጅ ነው የወሰድሽው?"

"አዎ።"

"የእሁዱን ራስሽ ግዢ፣ እናቴ።"

"እገዛለሁ" አለች ኦዲናካ።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።